ጋሽ ከድር ለብቻቸው የተናገሩት

ባለፈው ሳምንት ልደታ ፍርድ ቤት ነበርኩ። ከሳሽም ተከሳሽም ሆኜ አይደለም። የእህቴ ልጅ ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ተጣልታ፣ ነገሩ ዳኛ ፊት ደርሶ፣ «አክስቴ፣ ብቻዬን አልገባም» ብላ ጎትታኝ ነው። ዳኛው ሁለቱንም አየት አየት አደረጉና «እናንተማ መጀመሪያ ተነጋገሩ» ብለው ወደ አስማሚ ላኳቸው። እንዲህ ያለ ክፍል ፍርድ ቤት ውስጥ መኖሩን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። አስማሚዋ የመጨረሻ ልጄን የምታህል ወጣት ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠችን፣ ለሁላችንም የታሸገ ውሃ አደለችን፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «አሁን ደግሞ ለየብቻ ነው የማነጋግራችሁ። እማማ፣ እርስዎና ልጅዎ ለጊዜው ውጭ ይጠብቁኝ» አለች።

ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ እንደተቀመጥን የእህቴ ልጅ የተዘጋውን በር እያየች ጥፍሯን መንከስ ጀመረች። «አሁን ያቺ ሴትዮ ምን ምን እያለችኝ ይሆን?» አለች። እጇን ከአፏ ላይ አነሣሁላት። ይህንኑ ቃል እኔም በእሷ ዕድሜ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ዝናብ ራሴ ላይ እየወረደ ብዬዋለሁና።

እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልደብቀውም። በር ቆልፌ ሦስቴ ተመልሼ እነካዋለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ አላነሳም። ሰው መንገድ ላይ «እንደምን አደርሽ» ካለኝ፣ «ምን ፈልጎ ነው?» እላለሁ በሆዴ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ምን ላድርግ? ደርግ ያሳደገን ሰዎች ስለ ቲማቲም እንኳ ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው።

ያን ጊዜ ቤታችን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነበር። ከጋሽ ከድር ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ እንጋራለን። ጋሽ ከድር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አገራቸው ወሎ ነው። የስፌት መኪናቸውን በረንዳቸው ላይ አውጥተው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የክር ጫፍ በከንፈራቸው ይዘው ሲሰፉ ይውላሉ። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ልጅ አልነበራቸውም። እኔ ነበርኩ ልጃቸው ማለት ይቻላል። ትንሽ ሆኜ ከቁራጭ ጨርቅ የአሻንጉሊት ቀሚስ ይሰፉልኝ ነበር፤ ኪስ ያለው ቀሚስ! አሻንጉሊት ኪስ ምን ያደርግላታል ብሎ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ምን ዋጋ አለው፣ ዘመኑ መጥፎ ነበር። ቀበሌው የአብዮት ጥበቃዎቹን የካኪ ልብስ ጋሽ ከድር እንዲሰፉ አዘዘ። እምቢ ማለት የት አለና! ከዚያ ወዲህ በረንዳቸው ላይ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ጎረምሶች ጠፍተው አያውቁም። አንዱ ሱሪ ሊለካ፣ አንዱ ቁልፍ ሊያስተክል፣ ሌላው እንዲሁ ሊያውካካ ይመጣል። እኛ በዚያ ስናልፍ ወሬያችንን እናቋርጣለን። እማዬ «ከድር ምን ያድርግ፣ ታዞ ነው» ትላለች። እሷም ብትሆን ግን ከእትዬ ዘሀራ ጋር እንደ ድሮው በር ላይ ቆማ ስታወጋ አይቻት አላውቅም።

አባዬ ጌጃ ሰፈር ከአንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር አናጺ ነበር። አንዲት ሬድዮ ነበረችው። ከሥራ ሲመለስ እግሩን ይታጠብና ሬድዮዋን ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። የሚያዳምጠው በአማርኛ የሚያወራ የውጭ ጣቢያ ነበር። ያ ደግሞ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ሳል ሲይዘው ትራስ ነክሶ ነው የሚስለው። ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ ከድር መኪና ኳኳታ በድንገት ሲያቆም አባዬም ቶሎ ሬድዮዋን ያጠፋታል። መኪናው ሲጀምር ይከፍታታል። አንድም ቀን «ከድርን እጠረጥራለሁ» ብሎ አልተናገረም፤ እጁ ግን ይናገር ነበር።

በነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ፣ አንድ ጠዋት አራት ሰዎች በራችንን ገፍተው ገቡ። ጭቃ ጫማቸውን እንኳ አልጠረጉም። የመጀመሪያ ቃላቸው «ሬድዮው የት አለ?» ነበር። ስለ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሬድዮዋን በአንድ እጅ፣ አባዬን በሌላው እጅ ይዘው ሄዱ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወለሉ መሃል ቀረች። እኔ ግን ያ የመጀመሪያ ቃላቸው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሬድዮ እንዳለን ማን ነገራቸው? ግድግዳው ወዲያ ያለ ሰው ካልሆነ ማን?

ሃያ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ፤ አፌ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለአባዬ ምሳ ይዤ ቀበሌ እሄዳለሁ። የጾም ሽሮውን ጥበቃው በማንኪያ ያማስለዋል፣ እንጀራውን ይገልጠዋል፣ ከዚያ ሳህኑን ይወስድና የትናንቱን ባዶ ሳህን ያመጣልኛል። ሳህኑ ተጠርጎ የተበላ ከሆነ አባዬ ደህና ነው እላለሁ። በአራተኛው ቀን ሳህኑ ግማሹ እንዳለ ተመለሰ። ጥበቃው «አባትሽ በዚህ ሳምንት ወደ ከፍተኛው ሳይተላለፍ አይቀርም» አለኝ፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው ያለው። ከፍተኛው ከቀበሌው በላይ ያለው ነው። ወደዚያ የተላለፈ ሰው ሳህኑም አይመለስም ይባል ነበር።

እያለቀስኩ ተመለስኩ። የጋሽ ከድር በረንዳ ጋ ስደርስ እሳቸው ተንበርክከው የአንድ ረጅም አብዮት ጠባቂ የሱሪ እግር ይለካሉ። ጠባቂው ጥርሱን እየፋቀ ይስቃል። ጋሽ ከድር ቀና አሉና «ሙሉ፣ አባትሽ እንዴት ሆነልሽ?» አሉኝ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ከዚህ የበለጠ የጎረቤት ጥያቄ የለም። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። «እርስዎ እያወቁ እኔን ይጠይቁኛል? ጠቋሚ!» ብዬ ጮህኩ። ሳህኑን መሬት ላይ ወረወርኩት። ሽሮው እስከ በረንዳው ተረጨ። ሴቶች ከየበራቸው ብቅ አሉ። ጋሽ ከድር ክሩን በከንፈራቸው እንደያዙ ቀሩ። አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

የመለሰው ጠባቂው ነበር። «ጠቋሚ ነው ያልሽው? ቆይ፣ ምን ጠቆመብሽ?» አለና ወደ እሳቸው ዞረ። «ጓድ ከድር፣ ክሰሳት! ሰኞ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ይቀመጣል። ጥቆማ ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ታስረዳናለች።»

ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ጋሽ ከድር በስም ማጥፋት ሸንጎ ፊት ከከሰሱኝ፣ የምጠየቀው ስለ ስድቡ ብቻ አይደለም። ጠቋሚን፣ ማለትም አብዮቱን የሚጠብቅን ሰው፣ እንደ ወንጀለኛ የቆጠርኩ ነኝ። ምን ተጠቆመብሽ ሲሉኝ ሬድዮው ይነሳል፤ ሬድዮው ሲነሳ የአባዬ ጉዳይ ከቀበሌው እጅ ይወጣል። በአንዲት ቃል እኔንም አባቴንም ይዤ ገደል አፋፍ ቆምኩ ማለት ነው። እማዬ ነገሩን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ መታች። «አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት ምላስ ነው የሰጠሽ!» አለችና ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታደርግ ወደ አባባ ሳህሌ ቤት ሮጠች።

አባባ ሳህሌ የእድራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ሰው ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲደባደብ እሳቸው ጋ ነው የሚኬደው። እማዬ ቶሎ ተመለሰች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ከድርን እዚያ አገኘሁት» አለችኝ። «እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ሰላም አለኝና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።»

«ቀድሞናል!» አልኩ። «ሽማግሌዎቹን ሊያጠምዳቸው ነው።»

እማዬ ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን ማራገፍ ጀመረች። ቃሌን አላስተባበለችም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሐጂ ኑሩ መጋዘን እንድንገናኝ ተባለ። ሐጂ ኑሩ ጌጃ ሰፈር በርበሬና ቅመም የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። ያን ጊዜ ያለ ቀበሌ ፈቃድ አምስት ስድስት ሰው ዝም ብሎ አይሰበሰብም፤ ስብሰባ ነው ይባላል። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ኑ አሉን። እኔና እማዬ ዘንቢል ይዘን፣ እሷ በአንድ መንገድ፣ እኔ በሌላ መንገድ ሄድን። ጠመንጃ ያዥን ሳልፍ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። አንድ ሊስትሮ ሰላም ሲለኝ ደንግጬ ዘንቢሌን ጣልኩ።

መጋዘኑ ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን እስከ ጣሪያው የበርበሬ ጆንያ ተደርድሯል። ዘልቀን ሳንቀመጥ ማስነጠስ ጀመርን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አባባ ሳህሌ፣ የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ኑሩ፣ እና አቶ ተስፋዬ የሚባሉ መነጽር ያደረጉ አስተማሪ። ጋሽ ከድር ከአንድ ጆንያ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የእጃቸውን ጣቶች ያያሉ። መሃል ላይ አንድ ትሪ የገብስ ቆሎ ቀርቧል፤ ማንም አልነካውም። ሽማግሌ እርቅ ሳያወርድ የሰው እህል አይቀምስም። እጄን የማደርግበት አጥቼ ያን ቆሎ ሳየው ቆየሁ።

አባባ ሳህሌ ተነሥተው አቡነ ዘበሰማያት አደረሱ፤ ሐጂ ኑሩ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አባባ ሳህሌ «ለምንላችሁ ነገር ትገዛላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ጋሽ ከድር «እገዛለሁ» አሉ። እማዬም አለች። እኔም አልኩ፤ ዓይኔ ግን አቶ ተስፋዬ ላይ ነበር። ከኮታቸው ኪስ ደብተርና እርሳስ ሲያወጡ አየሁ።

«ያ ደብተር ምንድነው?» አልኩ።

«ሙሉ!» አለች እማዬ።

«ልወቅ እንጂ! ስሜ ተጽፎ የት ነው የሚሄደው?»

አቶ ተስፋዬ አልተቆጡም። ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ፤ የእድራችን አባላት ስም ዝርዝር ነበር። «ሰው ድንገት ቢገባ የእድር ስም እያጣራን ነው እንላለን። ለዚያ ነው» አሉ። አፈርኩ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። እርሳሱን ለምን አስፈለገ?

«እንግዲህ እንደ ወጋችን ለየብቻ እንሰማችኋለን» አሉ አባባ ሳህሌ። «መጀመሪያ ከድርን። እናንተ እናትና ልጅ ትንሽ ውጡልን። እዚህ የሚባለው ለሌላው አይነገርም። እኛም ምለናል።»

እማዬ ሐጂ ኑሩ ቤት፣ ሴቶቹ ጋ ገባች። እኔ አልገባሁም። ከመጋዘኑ በር አጠገብ፣ ክዳኑ ጫፍ ሥር ቆምኩ። ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሳል ሰማሁ። አንዴ የሐጂ ኑሩን «አላህ! አላህ!» ሰማሁ። ከዚያ ዝናቡ ሁሉንም ዋጠው። ምን ቢነግሯቸው ነው «አላህ!» የሚሉት? ምን ቢፈጥሩብኝ ነው? ሰውየው ውስጥ ገብተው ስሜን እየዘነጠሉት ነው ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ። ጥፍሬን እስኪደማ ነከስኩት። «አሁን እኔን ምን ምን እያሉኝ ይሆን?» እላለሁ ለዝናቡ።

ቀና ስል ያ ረጅሙ አብዮት ጠባቂ በመንገዱ ይመጣል። ጆሮዬን ከበሩ አነሣሁ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«በርበሬ ልገዛ።»

«በዝናብ? ሱቁ ዝግ አይደለም?»

«ሐጂ እስኪከፍቱልኝ ነው።»

ባዶ ዘንቢሌን አየው። እኔን አየኝ። ከጎኔ ክዳኑ ሥር ገብቶ ጠመንጃውን ከዝናብ ከለለ፤ የሚሄድ አይመስልም። ማን ላከው? ባለ ደብተሩ አቶ ተስፋዬ? ወይስ ጋሽ ከድር ራሳቸው ቀጥረውት ነው? ይህን ሳስብ በሩ ተከፈተና ጋሽ ከድር ወጡ። ሁለቱ ተያዩ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«አንተ እዚህ ነህ እንዴ?» አሉት ጋሽ ከድር። «ሱሪህ እኮ አልቆልሃል። ዘሀራ ቤት አለች፣ ሂድና ለካው። ጠበበኝ ካልክ አሁኑኑ መጥቼ አሰፋልሃለሁ፤ ነገ ሥራ አለብኝ።» ወደ እኔ ዞሩና «አንቺም ግቢና ሚዛኑን ጠብቂ፤ ሐጂ እየመዘኑልሽ ነው» አሉኝ።

ጠባቂው «ደህና» ብሎ ኮሌታውን አንሥቶ ሄደ። እንግዲህ ሰውየው ዓይኔ እያየ አዳኑኝ። እኔስ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? «እንዴት ዓይነት መግባባት ነው ያላቸው!» አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ።

ገባሁ። ሦስቱም ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አያነሱም። ሐጂ ኑሩ ዓይናቸው ቀልቷል፤ የበርበሬው ነው ብዬ አለፍኩት። አባባ ሳህሌ «ልጄ፣ ከድር እንደጠቆመ በምን አወቅሽ?» አሉኝ። አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፤ ካኪው፣ በረንዳው፣ ግድግዳው፣ የመኪናው ኳኳታ። ስጨርስ ክምር የሚያህል ማስረጃ ያቀረብኩ መስሎኝ ነበር።

«ሲጠቁም አየሁት ወይም ሰማሁት ብሎ የነገረሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እሺ። አባትሽ ከመያዙ በፊት በነበረው ሳምንት አንቺ የት የት ዋልሽ? ከማን ጋር ምን አወራሽ? አትቸኩዪ።»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ተናደድኩ። ግን ትገዢያለሽ ተብዬ እሺ ብያለሁ። ሰኞ ወፍጮ ቤት። ማክሰኞ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ረቡዕ ልደታ ማርያም ሄድኩ። ሐሙስ... ሐሙስ የዳቦ ሰልፍ።

እዚህ ላይ ያን ሰልፍ አስታወስኩት።

ሐሙስ ቀበሌው ሱቅ ዳቦ ሊታደል ሰው ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፏል። እኔ ከፊቴ ካሉት ሴቶች ጋር ወሬ ይዣለሁ። አንዷ ስለ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን አነሣች፤ ለሥራ ውጭ አገር እንደሄዱ ሬድዮ ተናግሯል አለች። እኔ ደግሞ ሳቅሁባት። «ምን ይመለሳሉ! እዚያው ከድተው ቀርተዋል እኮ» አልኩ። «ማን ነገረሽ?» ሲሉኝ አንገቴን ነቅንቄ፣ ድምፄን እንኳ ሳልቀንስ «እኛ ቤት የማይሰማ ነገር የለም!» አልኩ። ሴቶቹ ተያዩ። እኔ በኩራት ዳቦዬን ተቀብዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን አራቱ ሰዎች በራችንን ገፉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አባባ፣ እኔ ነኝ። አባዬን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።» እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም።

አባባ ሳህሌ እስክረጋጋ ጠበቁኝ። «ያ ሰልፍ ላይ ማን እንደነበረ፣ ማን ወስዶ እንደተናገረ አንጠይቅሽም። አንቺም አትጠይቂ። ይህ ነገር ከዚህ ጆንያ መሃል አይወጣም። ለእናትሽም፣ ለአባትሽም፣ ለማንም። ከወጣ ሰኞ አንቺን ይበላሻል። ገባሽ?»

«ጋሽ ከድርስ?» አልኩ። «ምን እላቸዋለሁ?»

«ሰይጣን አሳስቶኝ ያላየሁትን ተናገርኩ በይ። ይበቃል።»

ሁላችንም እንደገና ተሰበሰብን። የተባልኩትን አልኩ። ሰይጣን ያን ቀን ብዙ ጥፋት ተሸከመልኝ። ጎንበስ ብዬ የጋሽ ከድርን ጉልበት ሳምኩ፤ ሱሪያቸው የኖራ ሽታ ነበረው፣ ጨርቅ የሚያሰምሩበት ኖራ። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና ግንባሬን ሳሙኝ። «አልፏል፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ አባባ ሳህሌ ከቆሎው አንድ እፍኝ ዘገኑ፤ ሁላችንም ዘገንን። እያስነጠስን ቆሎ በላን።

ሰኞ ጋሽ ከድር ሸንጎው ፊት ሄደው «ልጄ ናት፣ ተቆጥታ ነው፣ ታርቀናል፣ ክስ የለኝም» አሉ። ጠባቂው አኩርፎ ነበር ይባላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የካኪው ሥራ ለሌላ ልብስ ሰፊ ተሰጠ። አባዬ ሌላ ነገር ስላልተነሳበት መስከረም ጠብቶ ተፈታ፤ ከስቶ፣ ጢሙ ሸብቶ። ሬድዮዋ ሳትመለስ ቀረች።

አባዬ እርቁን ተቀበለ። ጋሽ ከድርን ሲያገኝ ኮፍያውን ያነሣል። ከዚያ በላይ ግን የለም። ከበረንዳቸው አልተቀመጠም፣ ልብሱን ለሌላ ሰፊ ይሰጥ ነበር። «ታርቀናል፣ እሺ፤ ግን እኔ አውቃለሁ» ይለኛል፣ ዓይኑን ወደ ግድግዳው እያመለከተ። እኔ ዝም እላለሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላም ዝም አልኩ። ሽማግሌ ከልክሎኛል እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ እውነቱ ግን አባዬ ፊት «እኔ ነኝ» ማለት ፈርቼ ነው። ጋሽ ከድርን ጠቋሚ ናቸው ብሎ እንዳመነ ሞተ። ቀብሩ ላይ ጋሽ ከድር ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ።

ዓመታት ቆይተው ጋሽ ከድርም አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ እትዬ ዘሀራ ከፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ሰው ቀለል ሲል፣ የጋሽ ከድርን ደግነት ሳነሣ፣ ከሰልፉ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። እትዬ ዘሀራ አልደነገጡም።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን ሰልፉ ላይ ከኋላሽ ቆሜ የነበርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉኝ። «አንቺ ወደ ኋላ መቼ አየሽና። ሰምቼ እየተንቀጠቀጥኩ ለከድር ነገርኩት። ‹ለማንም እንዳትተነፍሺ› አለኝ። በረንዳው ላይ ስትሰድቢው አንዲት ቃል ቢመልስ ኖሮ፣ የራስሽ አፍ ነው ቢልሽ፣ ጠባቂው እዚያው ይዞሽ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ዝም አለ።»

«ሽማግሌዎቹስ ጋ?» አልኩ።

«ሁሉንም ለብቻው ነገራቸው። ‹እኔን ጠቋሚ ትበለኝ፣ እችለዋለሁ። ልጅቷን ግን ምላሷን እንድትይዝ ምከሩልኝ። እኔ እንዳወቅሁ አትንገሯት፤ ካወቀች ዓይኔን ማየት ያቅታታል› አላቸው። ሐጂ ኑሩ አለቀሱ ብሎኛል።» እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «አባትሽ ሰላምታ ሲቀንስበት ግን ይከፋው ነበር። ይህን አልደብቅሽም። ይከፋው ነበር።»

እዚያ ለቅሶ ቤት ለማን እንደማለቅስ ሰው አላወቀም። ለጋሽ ከድር ነው ብለው «አይዞሽ» አሉኝ። ለጋሽ ከድርም ነበር። ጉልበታቸውን የሳምኩት በጥርጣሬዬ ይቅርታ ልጠይቅ ነው፤ ስላዳኑኝ ግን አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» ሳልላቸው አፈር ገቡ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

በዕድሜዬ ስንት ሰው ጠረጠርኩ! ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የገዛ ባሌን ሳይቀር። የተዘጋ በር ባየሁ ቁጥር ከኋላው ክፉ ነገር ነው የሚታየኝ። ከተዘጋ በር ኋላ አንድ ሰው ለእኔ እየለመነልኝ ሊሆን ይችላል ብዬ ጠርጥሬ ግን አላውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ።

ኮሪደሩ ላይ የእህቴ ልጅ ክርኔን ነካ አደረገችኝ። «አክስቴ፣ ምን እያለችኝ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም።

በሩ ተከፈተና ጎረቤቷ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። የምትቀመጥበት አጥታ ግድግዳውን ስትደገፍ ሳይ ተነሥቼ ቦታዬን ለቀቅሁላት። የእህቴ ልጅ ትክ ብላ አየችኝ።

«አክስቴ፣ አንቺ የማን ወገን ነሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።